ከማክሰኝት ጎንደር ለመመላለስ፦ የትኛውን የናፍታ መኪና ልግዛ?

ወንድሜ፣ በየቀኑ ማክሰኝት ደርሶ መልስ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትነዳ ከሆነ፣ ያገለገለ የናፍታ መኪና ማሰብህ ትክክል ነው። እኔ የምመክርህ ፋይቭ ኤል ሞተር ያለውን ቶዮታ ሀይሉክስ ነው። 3 ሺህ ሲሲ ገደማ ነው፣ ቱርቦ (ወደ ሞተሩ ተጨማሪ አየር የሚገፋው መሣሪያ) የለውም፣ የናፍታ ፓምፑም በኮምፒውተር የሚታዘዝ አይደለም። ስለዚህ የሰፈር መካኒክ ይፈታዋል፣ ይገጥመዋል። ጉድለቱን ግን አልደብቅህም። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር ዳገት ላይ ይደክማል። ለማክሰኝት መንገድ ግን ይበቃሃል። ዲ ፎር ዲ የሚባሉት በኮምፒውተር የሚታዘዙ አዲሶቹ የቶዮታ ናፍታ ሞተሮች ጉልበት አላቸው፤ ናፍታ የሚረጨው ኢንጀክተራቸው ሲበላሽ ግን ወጪው ያስለቅሳል።

መኪናው ስንት ኪሎ ሜትር እንደተነዳ የሚያሳየውን የጌጁን ቁጥር አትመን። እኔ አምኜ ተቃጥያለሁ፤ ቁጥሩ ትንሽ ነበር፣ የፍሪሲዮን ፔዳሉ ጎማ ግን አልቆ ብረቱ ያብረቀርቅ ነበር። አይቼው ዝም አልኩ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ለማየት ማለዳ ሂድ። ኮፈኑን ከፍተህ ሞተሩን በእጅህ ዳስስ፤ ሞቆ ከጠበቀህ ሻጩ አስቀድሞ አስነስቶታል ማለት ነው፣ ሌላ ቀን ተመለስ። ቀዝቅዞ ሳለ አስነሳው። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እያቃጠለ መሆኑን ይነግርሃል። ከዚያ ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ክፈት፤ ጭስ እየገፋ ከወጣ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል። በመጨረሻ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ያለውን የኮሶዬን ዳገት አስወጣውና የሙቀት ጌጁን ተመልከት።

የታይሚንግ ቺንጊያው (የሞተሩን ቫልቮች ጊዜ ጠብቆ የሚያንቀሳቅሰው ቀበቶ) መቼ እንደተቀየረ የሚያሳይ ደረሰኝ ከሌለ፣ በገዛህበት ሳምንት ቀይረው።