ጠይቁኝ፦ ኤአይ ማስታወሻችንን ገልጦ እንዲፈልግልን ስለማድረግ

ከዚራ፣ ድሬዳዋ ነው የምኖረው። ቀን ኮምፒውተር እጠግናለሁ፣ ማታ ማታ ፕሮግራም እጽፋለሁ። ሰሞኑን ክሎድን የመሳሰሉ የኤአይ ረዳቶች ጆፕሊንና ኦብሲዲያን በሚባሉ የማስታወሻ ፕሮግራሞች ላይ የተጻፈ ማስታወሻ ውስጥ ገብተው እንዲፈልጉ የሚያደርግ መሣሪያ ለራሴም ለሰውም ስገጥም ከርሜአለሁ። ሙቀቱ በረድ ብሏል፣ እስኪመሽ አለሁ፤ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ አቦ፣ ማስታወሻዬን ኮፒ አድርጌ ብለጥፍለትስ ያው አይደል?

መልስ፦ አንድ ገጽ ከሆነ ለጥፍና ተገላገል። ችግሩ ማስታወሻህ ብዙ መቶ ሲሆን ነው። መሣሪያው በረዳቱና በማስታወሻህ መሀል እንደ መዝገብ ቤት ሠራተኛ ይቆማል። ረዳቱ «የኪራይ ውል የሚል ፈልግ» ሲለው ርዕሶቹን ያቀርብለታል፤ ረዳቱም አንዱን መርጦ ይከፍታል። ጽሑፉ ከረዘመ ደህና የተሠራ መሣሪያ ንዑስ ርዕሶቹን አሳይቶ የተፈለገውን ክፍል ብቻ ይሰጠዋል። የሚግባቡበት ደንብ ኤምሲፒ ይባላል። የክሎድ ሠሪ አንትሮፒክ በኅዳር 2017፣ በፈረንጅ ኖቬምበር 2024 መሆኑ ነው፣ ያወጣው ክፍት ደንብ ስለሆነ ሌሎች ረዳቶችም ይጠቀሙበታል።

ጥያቄ፦ እዚሁ ድሬ ታይዋን ገበያ ሱቅ አለኝ፤ ልጄ ነው የገጠመልኝ። «የሀምሌ እቃ ስንት ገባ?» ስለው «ምንም አላገኘሁም» ይለኛል። እኔ ማስታወሻውን በዓይኔ እያየሁት!

መልስ፦ እትዬ፣ የላኩልኝን ፎቶ አየሁት። ማስታወሻው ላይ «የሐምሌ ዕቃ» ብለው ጽፈዋል፤ ሲጠይቁ ደግሞ «የሀምሌ እቃ» ብለዋል። ለእኛ ጆሮ አንድ ነው። ለኮምፒውተሩ ግን «ሐ» እና «ሀ» የ«መ» እና የ«ረ» ያህል ይራራቃሉ፤ እያንዳንዱ ፊደል የየራሱ ቁጥር አለው። በሁለት ቃል ውስጥ ሁለት ፊደል ተለወጠ፣ ፍለጋው ባዶ እጁን ተመለሰ። ረዳቱም አልዋሸም፤ የተሰጠው መልስ ባዶ ነበር።

እኔ ራሴ መጀመሪያ ሲገጥመኝ አንድ ማታ ሙሉ ከረዳቱ ጋር ስጨቃጨቅ አምሽቻለሁ። መፍትሔው ሁለት ነው። ቀላሉ፣ ልጅዎ በረዳቱ ቋሚ መመሪያ ላይ ይህን ይጻፍበት፦ «በአማርኛ ስትፈልግ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ እያቀያየርክ ሞክር። የ፣ በ፣ ለ፣ ከ ከቃሉ ፊት ሊለጠፉ እንደሚችሉ አስብ። ሦስቴ ሳትሞክር የለም አትበል።» በእርስዎ ጥያቄ እዚህ ሞክሬው በሁለተኛው ዙር አገኘው። የሚሻለው ግን መሣሪያው ራሱ ማስታወሻውንም ጥያቄውንም ወደ አንድ ፊደል አምጥቶ እንዲያስተያይ ማድረግ ነው። እኔ የምጠቀምበትን እንደዚያ አስተካክዬዋለሁ፤ ሥራው ከሃያ መስመር አይበልጥም። ማስታወሻዎን ግን እንዳይነኩት፣ ፊደልዎ ልክ ነው።

ጥያቄ፦ ቀኑንስ ለምን ያምታታል?

መልስ፦ «12/11/2017» ብለህ ከጻፍክ ምን ያድርግ? አንተ ሐምሌ 12 ማለትህ ነው፤ እሱ ኖቬምበር ወይም ዲሴምበር 2017 አድርጎ ያነበዋል፤ ስምንት ዓመት ገደማ ወደ ኋላ ሄደ ማለት ነው። ፋይሉ የተፈጠረበት ቀንም በፈረንጅ ስለሚመዘገብ ሁለቱ ይጋጩበታል። የወሩን ስም በፊደል ጻፍና ዓ.ም. ጨምርበት። ሰዓትም እንደዚያው፤ «3 ሰዓት» ብቻ አይበቃውም፣ «ከጠዋቱ» በልበት።

ጥያቄ፦ ሐረር፣ ጀጎል ውስጥ አስጎብኚ ነኝ። ማስታወሻዬ ላይ ያልጻፍኩትን ጨምሮ እየመለሰልኝ እንግዳ ፊት አፍሬአለሁ።

መልስ፦ ይጨምራል፣ አዎ። ጀጎል አምስት ታሪካዊ በሮች እንዳሉት፣ በፈረንጅ 2006 በዩኔስኮ መመዝገቡን ማስታወሻህ ላይ አገኘ እንበል። ስለ አንዱ በር ዝርዝር ስትጠይቀውና አንተ ካልጻፍክ፣ ሌላ ቦታ የተማረውን ወይም የመሰለውን ቀላቅሎ ያወራልሃል። «ለእያንዳንዱ መልስ የማስታወሻውን ርዕስና ዓረፍተ ነገሩን እንዳለ አሳየኝ፣ ከሌለ የለም በል» በለው። ከዚያ ከፍተህ እይ። እንግዳ ፊት ከመቆምህ በፊት ማታውኑ እቤትህ።

ጥያቄ፦ ማስታወሻዬ ውስጥ የባንክ ምስጢር ቁጥሬ አለ። መሣሪያው ላፕቶፔ ላይ ስለሆነ ችግር የለውም አይደል?

መልስ፦ አለው። መሣሪያው አንተ ጋ ነው፤ ረዳቱ ግን ያነበበው ሁሉ ወደ ኩባንያው ሰርቨር ይሄዳል። ከላፕቶፕህ እንዳይወጣ ከፈለግህ ሞዴሉንም፣ የረዳቱን አንጎል ማለት ነው፣ ኦላማ በሚባል ፕሮግራም እዚያው ላፕቶፕህ ላይ ማስኬድ ትችላለህ፤ በድሬ የግንቦት ሙቀት ግን የኔ አሮጌ ላፕቶፕ እንደ ምጣድ ይግላል። ለማንኛውም ምስጢር ቁጥሩን ዛሬውኑ ከዚያ አውጣው፤ ኤአይ ባይኖርም ቦታው አይደለም። መሣሪያው ማንበብ ብቻ እንዲፈቀድለትም አድርግ። ከኢንተርኔት ገልብጠህ ያስቀመጥከው ጽሑፍ ውስጥ «ይህን ሰርዝ፣ ያንን ላክ» የሚል ትእዛዝ ተደብቆ ሊመጣ ይችላል፤ ረዳቱ ያንተ ትእዛዝ መስሎት ሊፈጽመው ይሞክራል።

ጥያቄ፦ በፎቶ ያነሳሁትን ደብተርስ ያነባል?

መልስ፦ ብዙውን ጊዜ ፍለጋው ፎቶውን አያየውም። ቢያንስ ርዕሱን በፊደል ጻፍበት።

ጥያቄ፦ የድሮ ጽሑፎቼ በአማርኛ ይከፈታሉ፣ ሲፈለጉ ግን አይገኙም።

መልስ፦ ከዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል የየራሱን ቁጥር ከሚሰጠው የዛሬው ደንብ) በፊት በነበረ ፎንት የተጻፉ ይመስለኛል። ፎንቱ ነው አማርኛ የሚያስመስላቸው፤ ከሥር ያለው የላቲን ፊደልና ምልክት ነው። ፎንቱን ለውጠህ እይ፤ ዝብርቅርቁ ከወጣ ወደ ዩኒኮድ መቀየር አለባቸው። ሌላ መንገድ የለም።

ጥያቄ፦ ዛሬ ማታ ልጀምር ብልስ?

መልስ፦ መጀመሪያ የማስታወሻህን ሙሉ ቅጂ ፍላሽ ላይ አስቀምጥ። ጆፕሊን ከሆነ የዌብ ክሊፐር አገልግሎቱን ከቅንብሩ ላይ አብራ፤ በፖርት 41184 ይሠራል፣ መሣሪያው የሚጠይቅህን ቶክንም (የይለፍ ቁልፍ ነው) እዚያው ታገኘዋለህ። ከዚያ መልሱን አንተ የምታውቀውን ጥያቄ ጠይቀው። ከተሳሳተ ስንት ጊዜ እንደፈለገና በየትኛው ቃል እንደፈለገ ተመልክተህ ነገ ላክልኝ።