ካልኩለስን ድሮፕ ከማድረግህ በፊት ክሬዲትህን ቁጠር

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ውስጥ በኤፍ-1 (የውጭ ተማሪ) ቪዛ ኮሚውኒቲ ኮሌጅ የምማር የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ወደፊት ወደ ዩኒቨርሲቲ ተዛውሬ ኢንጂነሪንግ መማር እፈልጋለሁ። በዚህ ሴሚስተር ካልኩለስ 1 (4 ክሬዲት)፣ ጄኔራል ኬሚስትሪ ከነላቡ (4)፣ እንግሊዝኛ (3) እና ሶሲዮሎጂ በኦንላይን (3) ይዣለሁ። የካልኩለስ ሚድተርም አልሆነልኝም፤ መምህሩ ሲናገር ቶሎ አይገባኝም። ካልኩለሱን ድሮፕ አድርጌ በምትኩ ቀለል ያለ የኦንላይን ኮርስ ልያዝ? ጓደኞቼ «መጀመሪያ ጣለው፣ ለቢሮው በኋላ ትነግራቸዋለህ» ይሉኛል። የአክስቴ ልጅ ደግሞ 6 ክሬዲት ብቻ ይዛ እየሠራች ነው የምትማረው። እኔስ እንደሷ ማድረግ አልችልም?

መልስ፦ ካልኩለሱን መጣል ይቻላል። ባሰብከው መንገድ ከጣልከው ግን የተማሪነት ስታተስህ (በተማሪነት በሕጋዊ መንገድ የመቆየት መብትህ) ሴሚስተሩ ሳያልቅ ሊቋረጥ ይችላል።

ሂሳቡን እንየው። አሁን 14 ክሬዲት ይዘሃል። በኤፍ-1 የሚማር የአሶሺየት (የሁለት ዓመት ዲግሪ) ወይም የባችለር ተማሪ በመደበኛ ሴሚስተር ቢያንስ 12 መያዝ አለበት። ካልኩለስ ሲወጣ 10 ይቀርሃል። 3 ክሬዲት ኦንላይን ስትጨምርበት የኮሌጁ ፖርታል 13 ብሎ ይጽፋል፤ «ፉል ታይም» የሚለውም እንዳለ ይቆያል። በኢሚግሬሽኑ ደንብ ግን ለ12ቱ የሚታሰብልህ በአንድ ሴሚስተር አንድ የኦንላይን ኮርስ ወይም 3 ክሬዲት ብቻ ነው። ያንን ቦታ ሶሲዮሎጂ ይዞታል። አዲሱ ኮርስ ገንዘብ ይከፈልበታል፣ ውጤት ይሰጥበታል፣ ለቪዛህ ግን ምንም አይጨምርም። ሬጅስትራሩ 13 ሲያይ የውጭ ተማሪዎች ቢሮው 10 ይቆጥራል። ፖርታሉ ይህን አያስጠነቅቅህም፤ የተሠራው ለሁሉም ተማሪ እንጂ ለኤፍ-1 ተማሪ ብቻ አይደለም።

በዚሁ አጋጣሚ ሌሎችም የማይቆጠሩ አሉ። ዌይትሊስት ላይ ያለ ኮርስ አይቆጠርም፤ ያለ ውጤት ለማዳመጥ ብቻ የምትገባበትም (ኦዲት) አይቆጠርም። ክፍያ ዘግይቶ ሲስተሙ በራሱ ያስወጣህ ኮርስ ደግሞ ሳታውቀው ከ12 በታች ሊያወርድህ ይችላል። ስለዚህ የክፍያው ቀን ሲደርስ ገብተህ የያዝካቸውን ኮርሶች አንድ በአንድ አረጋግጥ።

ታዲያ ምን ይሻላል? የመጀመሪያው መንገድ በምትኩ በአካል የሚሰጥ ኮርስ መፈለግ ነው። ብዙ ኮሚውኒቲ ኮሌጆች ሴሚስተሩ ከተጀመረ በኋላ የሚከፈቱ፣ አጠር ባለ ጊዜ የሚያልቁ ክፍሎች አሏቸው። በፖርታሉ ፍለጋ ላይ «ሌት ስታርት» ወይም «ሁለተኛው አጋማሽ» የሚለውን ምረጥና የትምህርት ዓይነቱ በአካል ወይም ሃይብሪድ መሆኑን ተመልከት። ሃይብሪድ በተወሰኑ ቀናት ክፍል መገኘትን የሚጠይቅ ከሆነ እንደ ኦንላይን አይታይም። 3 ክሬዲት በአካል ብታገኝ 10 ሲደመር 3፣ 13 ይሆናል፤ ማንንም ሳታስፈቅድ ነገሩ አለቀ። የሚመረጠው ፕሪካልኩለስ (ለካልኩለስ የሚያዘጋጀው ኮርስ) ነው፤ ክፍተትህን እየሞላህ ክሬዲትህንም ትጠብቃለህ። አንድ ነገር ብቻ ልብ በል፦ አዲሱን መዝግበህ ስምህ ከገባ በኋላ ነው አሮጌውን የምትጥለው። በመሃል ለአንድ ቀንም ቢሆን 10 ላይ አትቀመጥ።

እንዲህ ያለ ክፍል ከሌለ ሁለተኛው መንገድ የተቀነሰ የኮርስ ጭነት ፈቃድ ነው። ይህን የሚሰጠው በኮሌጅህ የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ያለው ዲኤስኦ (የኤፍ-1 ተማሪዎችን ጉዳይ እንዲይዝ የተመደበ ኃላፊ) ነው፤ የሒሳብ ክፍሉ አድቫይዘር ቢስማማም ሥልጣኑ የለውም። በትምህርት ችግር ምክንያት የሚፈቀድባቸው ነገሮች በደንቡ ተዘርዝረዋል፦ የጅማሬ የእንግሊዝኛ ቋንቋ ችግር፣ የንባብ ጭነቱን አለመልመድ፣ የአሜሪካንን የማስተማር ዘዴ አለመልመድ፣ ደረጃው በማይመጥን ኮርስ መመደብ። «መምህሩ ሲናገር ቶሎ አይገባኝም» ያልከው በእንግሊዝኛው ምክንያት ከሆነ የመጀመሪያው ውስጥ ይገባል። «ሥራ በዝቶብኝ ነው» ወይም «ጂፒኤዬ እንዳይወርድ ነው» ግን ዝርዝሩ ውስጥ የሉም፤ እነሱን አስቀድመህ ብታወራ ፈቃዱን ራስህ አበላሸኸው ማለት ነው።

ይህ ፈቃድ ገደብ አለው። የሚቀሩህ ክሬዲቶች ከ6 ማነስ የለባቸውም፤ ያንተ 10 ስለሆነ ችግር የለም። በአንድ የዲግሪ ደረጃ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚሰጠው፤ አሁን ከተጠቀምክበት አሶሺየትህን እስክትጨርስ ድረስ በትምህርት ምክንያት ሁለተኛ የለህም፤ ባችለር ስትገባ ግን እንደ አዲስ ይቆጠራል። በሚቀጥለው መደበኛ ሴሚስተር ደግሞ ወደ 12 መመለስ ግዴታህ ነው። ክረምቱ (ሰመር) እዚህ ውስጥ አይገባም።

የጓደኞችህ ምክር የሚጎዳህ እዚህ ላይ ነው። ፈቃዱ ከድሮፑ በፊት መሰጠት አለበት። ኢሜይል ልከህ መልስ ሳይመጣ «ድሮፕ» የሚለውን ብትጫን፣ ምክንያትህ የቱንም ያህል እውነት ቢሆን፣ ሴቪስ (የውጭ ተማሪዎች የሚመዘገቡበት የመንግሥት ሲስተም) ላይ ያለው መዝገብህ «ሳይፈቀድ ከሙሉ ጭነት በታች በመውረድ» በሚል ሊዘጋ ይችላል። ዲኤስኦው «ጨርሻለሁ» ሲልህ የታደሰ አይ-20 (ኮሌጁ ለኤፍ-1 ተማሪ የሚሰጠው ቅጽ) ጠይቅና ሁለተኛውን ገጽ ተመልከት፤ የተቀነሰ ጭነት የሚለው ክፍል ላይ ፈቃዱና ቀኖቹ መጻፍ አለባቸው። እዚያ ካየኸው በኋላ ነው ወደ ፖርታሉ የምትሄደው።

መዝገቡ ከተዘጋ የቀረው መንገድ በአይ-539 ቅጽ ስታተስ እንዲመለስልህ ለዩኤስሲአይኤስ (ለኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ) ማመልከት ነው፤ ያውም ከስታተስ ከወጣህ 5 ወር ሳይሞላ። ለማመልከቻው ክፍያ አለው፣ ጊዜ ይወስዳል፣ እስኪወሰን ድረስም መሥራት አይቻልም። ያለ ፈቃድ የሠራ ሰው ደግሞ ለዚህ ብቁ አይደለም።

ሦስተኛው ምርጫ ካልኩለሱን ይዞ መግፋት ነው፤ ብዙ ሰው ሳያሰላ ነው የሚያልፈው። በሌሎቹ ሦስት ኮርሶች ቢ ብታገኝ 30 ነጥብ አለህ (10 ክሬዲት ሲባዛ በ3)። ካልኩለስ ኤፍ ከሆነ 30 ለ14 ሲካፈል ጂፒኤህ 2.14 ይሆናል። ዲ ከሆነ 2.43፣ ሲ ከሆነ 2.71። በጊዜው ወጥተህ ደብሊው (ኮርሱን ማቋረጥህን የሚያሳይ ምልክት) ከተጻፈልህ 3.0 ላይ ትቆያለህ፣ ደብሊው ጂፒኤ ውስጥ አይገባምና። የኢንጂነሪንግ ፕሮግራሞች አብዛኛውን ጊዜ በካልኩለስ ቢያንስ ሲ ስለሚፈልጉ ዲ ማለፊያ ቢመስልም ኮርሱን እንደገና ያስወስድሃል። ስለዚህ መምህሩን በቢሮ ሰዓቱ አግኘውና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቀው፦ «በቀሩት ፈተናዎች ስንት ባመጣ ነው ሲ የማገኘው?» 75 ካለህ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ነፃው የቱቶሪንግ ማዕከል ከሄድክ ይደረስበታል። 95 ካለህ አትድከም። አንዲት ደብሊው በትራንስክሪፕትህ ላይ የዩኒቨርሲቲ በር አትዘጋብህም፤ በየሴሚስተሩ የምትደጋገም ግን ትጠየቅባታለህ።

ካልኩለስን ማዘግየት ዋጋው ሌላ ቦታ ነው ያለው። ካልኩለስ 2፣ ካልኩለስ 3፣ ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን፣ በካልኩለስ የሚሰጠው ፊዚክስ፣ ሁሉም ከሱ በኋላ ነው የሚመጡት። አንዱ ሴሚስተር ሲንሸራተት ዝውውሩም አብሮ ይንሸራተታል። ስለዚህ ዛሬ ብትጥለው በክረምቱ መልሰህ ለመውሰድ አስብ፤ ኮሌጅህ በክረምት ይሰጠው እንደሆነ አሁኑኑ ተመልከት።

አቅራቢያ ባለ ሌላ ኮሌጅ 3 ክሬዲት በአካል ወስዶ ከዚህኛው ጋር መደመርም ይፈቀዳል፤ ሁለቱም ለውጭ ተማሪ የተፈቀደላቸው ይሁኑ፣ አይ-20 የሰጠህ ኮሌጅ ዲኤስኦም አስቀድሞ ይወቀው። በሕመም ምክንያት ከሆነ ደንቡ ይለያል፦ በሐኪም ወይም በክሊኒካል ሳይኮሎጂስት ደብዳቤ በአንድ የዲግሪ ደረጃ በድምሩ እስከ 12 ወር ጭነት መቀነስ፣ ጨርሶ አለመመዝገብም ይቻላል። ሴሚስተሩን አቋርጦ አዲስ አበባ መመለስ የመጨረሻው ምርጫ ነው። በዲኤስኦ ፈቃድ ካቋረጥክ ለመውጣት 15 ቀን አለህ፤ ከ5 ወር በላይ ከቆየህ አዲስ አይ-20፣ አዲስ የ350 ዶላር የሴቪስ ክፍያ፣ ቪዛህ ካለፈም እንደገና የኤምባሲ ወረፋ ይጠብቅሃል።

ወደ አክስትህ ልጅ እንምጣ። ግሪን ካርድ ወይም ዜግነት ካላት 6 ክሬዲት ለሷ የግማሽ ጊዜ ተማሪነት ነው፤ የፌደራል ብድር ለማግኘትም ይበቃታል። ቀሪ ሰዓቷን የፈለገችበት ቦታ ትሠራለች። አንተ በትምህርት ጊዜ ካምፓስ ውስጥ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት፣ በዕረፍት ጊዜ ደግሞ ሙሉ ሰዓት መሥራት ትችላለህ። ካምፓስ ውስጥ ሁለት ሥራ ብትይዝም 20ው የሁለቱ ድምር ነው። የሰው አካውንት ተውሶ ምግብ ማድረስ፣ ቅዳሜና እሁድ በሬስቶራንት በካሽ መሥራት፣ ሁሉም ያለ ፈቃድ መሥራት ነው። ብዙ ወገኖቻችን «በካሽ ከሆነ አይታይም» ይላሉ። የሚታየው ግን ችግር የመጣ ቀን ነው፤ ከላይ ያልኩህን ማመልከቻ ስታስገባ፣ ወይም ኋላ ስታተስ ስትቀይር ትጠየቃለህ።

ከሙያህ አንጻር ደግሞ አንድ ሙሉ የትምህርት ዓመት ስታተስህን ጠብቀህ ከተማርክ በትምህርትህ መስክ ለኢንተርንሺፕ ሲፒቲ (ትምህርትህ ሳያልቅ ከትምህርቱ ጋር የተያያዘ የሥራ ፈቃድ) መጠየቅ ትችላለህ፤ ሙሉ ሰዓት 12 ወር ከተጠቀምክበት ግን በዚያ ደረጃ ኦፒቲን (በአብዛኛው ከምረቃ በኋላ በመስክህ የምትሠራበትን ፈቃድ) ታጣለህ። ኦፒቲ 12 ወር ነው፤ ለኢንጂነሪንግና ለመሰል መስኮች የሚጨመረው 24 ወር የሚሰጠው ለባችለርና ከዚያ በላይ ነው።

ነገ ጠዋት ለዲኤስኦው የምትልከው ኢሜይል አጭር ይሁን። የተማሪ ቁጥርህን፣ የካልኩለሱን የኮርስ ኮድና ክሬዲቱን፣ ከወጣ በኋላ የሚቀሩህን ኮርሶች የቱ በአካል የቱ በኦንላይን እንደሆነ፣ ምክንያትህን በሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፍ። የደብሊው የመጨረሻ ቀን መቼ እንደሆነ ከአካዳሚክ ካሌንደሩ አይተህ ጨምርበት፤ ቀኑ ሲጠጋ ቢሮው ቶሎ እንዲያየው ያደርገዋል። የሚድተርሙን ወረቀትም ፎቶ አንስተህ አያይዝ፤ አንዳንድ ቢሮዎች የመምህር ፊርማ ያለበት የራሳቸው ቅጽ ስላላቸው እሱን እንዲልኩልህ በዚያው ጠይቅ።