ሞተሩ ባሕር ላይ ነው ሲሉኝ ልመን ወይ?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች፣ ባሕር ዳር ቅዳሜ ገበያ አካባቢ የውሃ መሳቢያ ሞተርና መለዋወጫ ነው የምሸጠው። ለዘንድሮ መስኖ ብዬ አዲስ አበባ ባለ አስመጪ በኩል ከቻይና ሞተር አዝዤ ነበር፣ ይኸው ኅዳር ገባ ዕቃው የለም፣ ስደውል "ቀይ ባሕር ተዘግቶ ነው መርከቡ ዞሮ ነው" ይሉኛል፣ አሁን ደግሞ የመርከብ ኪራይ ስለጨመረ ጨምሪ አሉኝ። የፎገራ ገበሬዎች ቀብድ ሰጥተውኛል ሽንኩርት ሊተክሉ ነው በየቀኑ ይደውላሉ። እውነት ቀይ ባሕር ነው? የሰዎቹን ብርስ ምን ላድርገው?

መልስ፦ እህታችን፣ የነገሩሽ ነገር ግማሹ እውነት ነው። ከኅዳር 2016 ጀምሮ የየመን ሁቲዎች መርከብ መምታት ሲጀምሩ ትልልቆቹ የመርከብ ድርጅቶች የቀይ ባሕርን ደቡባዊ ጠባብ በር፣ ባብ ኤል ማንደብን፣ ትተው ደቡብ አፍሪካን መዞር ጀመሩ፣ ይሄም ከእስያ አውሮፓ ባለው ጉዞ ላይ አስር ቀን ከዛም በላይ ይጨምራል። ግን ካርታውን እዪው፣ ጅቡቲ ያለችው ከዛ ጠባብ በር ውጪ ኤደን ባሕረ ሰላጤ ላይ ነው፣ ከቻይና የመጣ መርከብ በህንድ ውቅያኖስ አድርጎ ቀይ ባሕርን ሳይረግጥ ጅቡቲ ይገባል። ዕቃሽ ከቱርክ ወይ ከጣሊያን ቢሆን ኖሮ በስዊዝ በኩል ስለሚወርድ ያስኬዳል።

ያም ሆኖ ጣጣው አንቺ ጋ አይደርስም ማለት አይደለም። ወደ አውሮፓ ሲያልፉ ጅቡቲ ጎራ ይሉ የነበሩት መርከቦች በዛ ማለፍ ሲተዉ ኮንቴነር ሌላ ወደብ ላይ ወርዶ ሌላ መርከብ መጠበቅ መጣ፣ ኢንሹራንሱም ጨመረ።

ስለዚህ "ቀይ ባሕር" ብቻውን መልስ አይሆንም፣ የቢል ኦፍ ሌዲንጉን (ዕቃው መርከብ ላይ ሲጫን የሚሰጠውን ሰነድ) ኮፒ ላኩልኝ በያቸው። እዛ ላይ የመርከቡ ስም፣ የተጫነበት ቀንና የኮንቴነሩ ቁጥር አለ፣ አራት ፊደልና ሰባት አሃዝ ነው፣ የመርከብ ድርጅቱ ድረ ገጽ ላይ ስታስገቢው ኮንቴነሩ የት እንዳለ ያሳይሻል። ቢሉን ማሳየት ካቃታቸው ዕቃው ጭራሽ ላይጫን ይችላል። ጅቡቲ ወይ ሞጆ ደረቅ ወደብ ደርሶ ቆሞ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ የሰነድ ወይ የብር ነው፣ እነሱ ሰበብ ሲፈልጉ ዲመሬጁ (ኮንቴነሩ በቆየ ቁጥር የሚከፈለው ቅጣት) እየቆጠረ ነው ማለት ነው። ጭማሪውን በተመለከተ ውላችሁን አውጥተሽ አንብቢ፣ ዋጋው ባሕር ዳር ድረስ ተብሎ ከተቆረጠ ጭማሪው የነሱ ነው፣ ካልሆነም የጭነቱን ኢንቮይስ ሳታዪ አምስት ሳንቲም እንዳትከፍዪ።

እኔን በጣም ያሳሰበኝ የገበሬዎቹ ነገር ነው። ጉማራ ወንዝ ዳር ሩዙን አንስቶ የሽንኩርት ችግኝ ያፈላ ሰው ሞተሩ የካቲት ላይ ቢመጣለት ምን ያደርግለታል? በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1885 ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ ተቀብሎ ውሉን ያፈረሰ እጥፉን ነው የሚመልሰው፣ ነገሩ እዛ ሳይደርስ ዛሬውኑ ደውይና እውነቱን ንገሪያቸው፣ ብሩን የፈለገ ይውሰድ፣ እጠብቃለሁ ያለ አዲስ ቀን የተጻፈበት ወረቀት ይያዝ። እስከዛ ቤታቸው የቆመ አሮጌ ሞተር ካለ መካኒክ ይዘሽ ሂጂ፣ ብዙውን ጊዜ ያቆመው ካንዴላ ወይ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ወይ ሲል (ውሃ እንዳያፈስ የሚያሽገው) ነው። በተለይ ከጣና የሚስቡት፣ እምቦጩ የቱቦውን ወንፊት ይደፍነውና ሞተሩ ያለ ውሃ ሲሽከረከር ሲሉ ይቃጠላል፣ ሲል ተቀይሮ ወንፊቱ በየጊዜው ከተጠረገ ያ ሞተር ዘንድሮን ያሻግራል።

ለከርሞ ትዕዛዝሽን ሚያዝያ ላይ ጨርሺው፣ ጥር መጨረሻና የካቲት ቻይናዎቹ ለአዲስ ዓመታቸው ፋብሪካ ይዘጋሉና በዛ ሰሞን አትመኚባቸው፣ ሁሉንም ለአንድ አስመጪ አትስጪ። አሁን የጎደለሽን ሲልና ፋሻ ግን ቀላል ዕቃ ስለሆነ በአውሮፕላን ብታስመጪውም ያዋጣል፣ ሞተሩን እንዳትሞክሪው፣ የኪሎው ሂሳብ ትርፍሽን ይበላዋል።