ሐመር ለተመደብሽው አዋላጅ እህቴ

ሰላም እህቴ። «ደቡብ ኦሞ፣ ሐመር ወረዳ ጤና ጣቢያ ደርሶኛል። እናቶቹ ጤና ተቋም መጥተው አይወልዱም፣ ባህላቸው ከባድ ነው ይሉኛል። ልሂድ ወይስ ልቅር?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔም አዋላጅ ነርስ ነኝ፣ እዚያው ወረዳ 4 ዓመት ሠርቻለሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሺኝ።

ሂጂ። «ባህላቸው ከባድ ነው» የሚለውን ግን እዚሁ ጥለሽው ሂጂ።

በመጀመሪያው ወር ያጠፋሁትን ልንገርሽ። ማታ ላይ አንዲት ምጥ የያዛት ሴት ከአማቷና ከሌሎች ሁለት ሴቶች ጋር ሰዓታት በእግሯ ተጉዛ መጣች። እኔ ምን አደረግሁ? አጃቢዎቿን ውጭ ጠብቁ አልኳቸው። የለበሰችውን የፍየል ቆዳ አውልቂ አልኳት። ጸጉሯ በቅቤና በቀይ አፈር የተሠራ ስለነበር አንሶላው እንዳይበላሽ ብዬ ላስቲክ አነጠፍኩና በጀርባሽ ተኝተሽ እግርሽን ክፈቺ አልኳት፣ ያውም በአማርኛ፣ የጽዳት ሠራተኛዋ እየተረጎመችልኝ። ዕቃ ላዘጋጅ ዞር ብዬ ስመለስ አልጋው ባዶ ነው። መንገድ ላይ ከግራር ሥር ወለደች። እግዚአብሔር ይመስገን እሷም ልጇም ተረፉ። ከዚያ ቀበሌ ግን ለወራት አንድም እናት አልመጣችም። ሪፖርቱ ላይ «በባህል ተጽዕኖ ምክንያት» ብለን ጻፍን። ውሸት ነበር። ምክንያቱ እኔ ነበርኩ።

እኔ ያየኋቸው የሐመር ሴቶች ቤታቸው ሲወልዱ ተንበርክከው ወይም ቁጢጥ ብለው ነው፣ ከኋላ የምታውቃት ሴት ደግፋ ትይዛታለች። በጀርባ መተኛት የእኛ ልማድ እንጂ የግድ ሕክምና አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ እናት በመረጠችው አኳኋን እንድትወልድ ይመክራል። ስለዚህ ወለሉ ላይ ንጹህ ምንጣፍና ላስቲክ አንጥፊ። አማቷ ወይም እህቷ አብራት ትግባ። ቆዳዋን አታስወልቂያት፣ ለምርመራ የሚያስፈልግሽን ያህል ብቻ ገለጥ አድርጊ። አንቺም ተንበርከኪ። ጉልበት ያማል፣ ግን ይለመዳል። እንግዴ ልጁንም ሳትጠይቂ እንዳትጥዪ፣ ይዘው መሄድ የሚፈልጉ አሉ። ኦክሲቶሲኑን፣ ከወሊድ በኋላ ደም እንዳይበዛ የሚረዳውን መርፌ፣ መውጋት፣ ደሙን መከታተል፣ ይሄ ሁሉ ወለል ላይም ይሠራል። ከእጄ ያመለጠች እናት ካለች ያመለጠችው በአልጋው ምክንያት እንጂ በወለሉ አይደለም።

ሌላው፣ የሚወስነው ማን እንደሆነ እወቂ። ባልየው ብዙ ጊዜ ከከብቶቹ ጋር ሩቅ ነው። የቤተሰቡ ትልልቅ ወንዶች፣ ዶንዛ የሚሏቸው፣ ሳይሰሙ ሴትየዋን ብቻ ብትመክሪ ዋጋ የለውም። መውለጃቸው የደረሰ እናቶች ቀድመው መጥተው የሚያርፉበት የእናቶች ማቆያ ቤታችን ባዶውን ከርሞ ነበር። አንድ ቀን ሽማግሌዎቹን ቤቱን መርቁልን ብለን ጠራናቸው። የቡና ገለባ ተፈላ፣ በቅል ቀረበ። ቡናውን በአፋቸው እፍ እያሉ ረጩና ባርጆ ጠሩ። ባርጆ ማለት ጤናም፣ በረከትም፣ ዝናብም፣ የከብት መርባትም በአንድ ላይ ነው፣ በአማርኛ አንድ ቃል አላገኘሁለትም። በዚያው ሳምንት ሁለት እናቶች ገቡ። ከዚያ በኋላ ገለባ ቡና ከማቆያው ጠፍቶ አያውቅም።

ለምን እንደሚጠራጠሩንም ልትረጂላቸው ይገባል። ከደጋ የመጣነውን ሁሉ «ጋል» ይሉናል። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የምኒልክ ጦር ወደዚያ ሲወርድ ሰውም ከብትም ተዘርፏል፣ ያ እስከ ዛሬ ይወራል። ከዚያ ወዲህም የመንግሥት ሰው የሚመጣው ግብር ሊሰበስብ፣ መሣሪያ ሊያስፈታ ወይም «ይሄን ተዉ» ሊል ነው። አንቺ ነጭ ጋውንሽን ለብሰሽ ስትቆሚ የሚያዩት ያንን ሁሉ ነው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ 46 ሺህ ገደማ የነበረ ሕዝብ ነው። ሁሉም ይተዋወቃል፣ አንዷን ብታመናጭቂ ወሬው ከአንቺ ቀድሞ ገበያ ይደርሳል።

ከባዱን ነገር አልደብቅሽም። ሚንጊ የሚባለውን ትሰሚያለሽ። የላይ ጥርሱ ቀድሞ የበቀለ፣ ወይም ከእርግዝና በፊት መደረግ ያለበት ሥርዓት ሳይፈጸም የተፀነሰ ልጅ መዓት ያመጣል ተብሎ የሚጣልበት ወይም የሚገደልበት እምነት ነው። እርግዝናዋን ደብቃ የምትመጣ ሴት ካጋጠመችሽ ይሄን አስቢ፣ ምስጢሯንም ጠብቂ። እኔ በዚህ ጉዳይ ባህል ነው ብዬ አላልፍም፣ የልጅ ሕይወት ነው። ግን ጩኸትና ዛቻ ልጁን የበለጠ ያስደብቀዋል። ጎረቤቶቻቸው ካራዎች በ2004 ዓ.ም. ሚንጊን በይፋ የተዉት የራሳቸው ልጆችና የራሳቸው ሽማግሌዎች ተነጋግረውበት ነው። ወጣቱ ለአቅመ አዳም ሲደርስ በከብቶች ጀርባ ላይ በሚዘልበት ሥርዓት ላይ ሴት ዘመዶቹ በልምጭ ተገርፈው ጀርባቸው ላይ የሚተርፈውን ጠባሳ ስታዪም ፊትሽን አታጨፍግጊ። ለወንድሟ ያላትን ፍቅርና እሱም ላይ ያላትን መብት የምታሳይበት ነው፣ በኩራት ነው የምትነግርሽ። ቁስሉ ካመረቀዘ እጠቢላት፣ የቴታነስ ክትባቷን አረጋግጪ። ሌላው ወሬ ከተላመዳችሁ በኋላ ይደርሳል።

እውነቱን ለመናገር ጤና ጣቢያውን የለወጥኩት እኔ አይደለሁም። ትምህርት ቤት የዘለቀች አንዲት የሐመር ልጅ ናት፣ ጤና ኤክስቴንሽን ሆና የመጣች። አባቷ አዳሪ ትምህርት ቤት እንዳትገባ አሥር ጊዜ ከልክሏታል። ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም። ፍየል የሚጠብቅለት ይጎድላል፣ ጥሎሹ ይቀራል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የተማረች ልጅ ወደ ቤት አትመለስም፣ ስትመለስም ወገኖቿን ትንቃለች ብሎ ይፈራል። ስንቶቹ እንደዚያ ሆነው ቀርተዋልና ፍርሃቱ ከሜዳ አልመጣም። የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲጀምሩ ፈቅዶ ነበር፣ ግን ሐመርኛ አቀላጥፎ የሚያስተምር መምህር ከየት ይምጣ? ይቺ ልጅ ግን ቅዳሜ ገበያ ጨሌዋን አድርጋ ትወጣለች፣ ሰኞ ጋውኗን ትለብሳለች። እናቶቹ ለእኔ በአንድ ዓመት ያልነገሩኝን ለእሷ በአንድ ከሰዓት ይነግሯት ነበር። እንደሷ ያለች ካገኘሽ አለቃዋ አትሁኚ፣ ተማሪዋ ሁኚ። ሐመርኛም ካሁኑ ጀምሪ፣ «ግፊ»፣ «ተንፍሺ»፣ «አይዞሽ» የሚሉትን ሳታውቂ ማዋለጃ ክፍል አትግቢ።

ለክትባትና ለእርግዝና ክትትል ቤት ለቤት ከመንከራተት ገበያውን ተጠቀሚ፣ ሰኞ ቱርሚ፣ ማክሰኞና ቅዳሜ ዲመካ። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ዝናቡ ሲመጣ ደረቅ የሚመስሉት የአሸዋ ወንዞች በአንድ ሌሊት ይሞላሉ፣ አምቡላንስ አያልፍም። በእነዚህ ወራት የሚወልዱትን ቀድመሽ ቁጠሪና ማቆያ አስገቢ። ፎቶ እያነሳሽ ፌስቡክ ላይ እንዳትለጥፊ፣ ቱሪስት እንኳን ከፍሎ ነው የሚያነሳው፣ አንቺ ደግሞ የታካሚሽን ገመና ነው የያዝሽው። የራስ ባትሪና አጎበር ያዢ፣ መብራቱም ወባውም አይታመንም።

የትኛው ቀበሌ እንደደረሰሽ ስታውቂ ጻፊልኝ። ያቺ ልጅ አሁንም እዚያው አካባቢ ናት፣ ፈቃዷን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ።