የኢትዮጵያና የኬንያ የወረቀት ንግድ፦ ጥያቄና መልስ ከአዳማ

ሰላም የአዳማ ማተሚያና ጽሕፈት መሣሪያ ሰዎች። ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ በትራንዚተርነት፣ ማለትም የነጋዴን ዕቃ ከጉምሩክ በማስወጣት፣ ብዙ ሠርቻለሁ። የኢትዮጵያንና የኬንያን የወረቀትና ካርቶን ንግድ በየዓመቱ ማወዳደር የምትፈልጉ ጠይቁኝ። አስቀድሜ ልንገራችሁ፦ በብር አታወዳድሩ፤ ኪሎውን ተመልከቱ። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጠራው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የመመረቂያ ጽሑፌ ነው። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ከታሪፍ ቁጥር ጀምሪ፣ ልጄ፤ ጉምሩክ ዕቃን የሚመድብበት ቁጥር ነው። ምዕራፍ 47 ፐልፕ (ወረቀት የሚሠራበት ጥሬ ዕቃ) እና ውዳቂ ወረቀት ነው። 48 ወረቀትና ካርቶን፣ 49 የታተመ ነገር። ብዙ ሰው የ48ን መረጃ ብቻ ያወርድና ይደመድማል። ውጭ ታትሞ የሚመጣው የመማሪያ መጽሐፍስ? ኮንቴይነሩ ሲከፈት የምታዪው ወረቀት ነው። ዲክላራሲዮኑ (የጉምሩክ ማስታወቂያ ቅጹ) ላይ ግን 4901 ይላል፤ ምዕራፍ 49 ማለት ነው። ጥቅል ወረቀት አስገብቶ እዚህ ያተመው 48 ላይ ይቆጠራል። ስለዚህ ሕትመቱ ወደ ውጭ ሲሄድ 48 ይወርዳል፤ ተማሪው እጅ የሚገባው ወረቀት ግን ላይቀንስ ይችላል።

ሌላም ወጥመድ አለ። የወረቀት ዳይፐር ምዕራፍ 48 ውስጥ፣ 4818 ላይ ነበር። በ2012ቱ የታሪፍ ማሻሻያ ወደ 9619፣ ወደ ሌላ ምዕራፍ፣ ተዛወረ። አንዳንድ አገር ማሻሻያውን ዘግይቶ ነው የሚጀምረው። የ4818 አኃዝ ድንገት ሲወርድ ብታዪ ገበያው ቀዘቀዘ ብለሽ አትጻፊ።

ጥያቄ፦ ኬንያ ለምን ትበልጠናለች?

መልስ፦ በምን? በማስገባት ነው በመላክ? ጥያቄውን አስተካክለህ ና።

ጥያቄ፦ እሺ፣ በመላክ።

መልስ፦ ኬንያ ለጎረቤቶቿ ካርቶንና ማሸጊያ ትሸጣለች። የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ ገበያ ደጇ ላይ ነው። ዌቡዬ የምትባል ከተማዋ ላይ ከራሷ እንጨት ፐልፕ የሚሠራ ትልቅ ፋብሪካም ነበራት። በ2009 ቆመ። ስለዚህ ተከታታይ ዓመታትን ስታይ 2009 ላይ ምልክት አድርግ። 2017 ላይም አድርግ፤ የፕላስቲክ ከረጢት የከለከለችበት ዓመት ስለሆነ የወረቀቱን አኃዝ ሊነካ ይችላል።

አንድ አባል፦ እኛስ የወንጂ ወረቀት ፋብሪካ አለን አይደል? አገዳውም እዚያው ነው። ተጨምቆ የሚቀረው ገለባው ለምን ወረቀት አይሆንም?

ሌላ አባል፦ ወንድሜ፣ የአገዳ ገለባ እኮ ለስኳር ፋብሪካ ቦይለር ማገዶ ነው። ወስደህ ወረቀት ብታደርገው ቦይለሩ በምን ይነዳል?

አንድ አባል፦ ሌላ አገር ወረቀት ይሠሩበታል!

መልስ፦ ይሠሩበታል፤ እውነት ነው። ክርክሩን ግን ለብቻው ክፈቱት። ለዛሬው የሚጠቅመን ይህ ነው፦ የወንጂ ወረቀት ፋብሪካ የኖረው ከውጭ በሚገባ ፐልፕ ነው። ስለዚህ የኢትዮጵያን ስትቆጥሩ 47ን አትዝለሉ።

ጥያቄ፦ በብር ቀይሬ ባወዳድርስ?

መልስ፦ ከላይ ተናግሬያለሁ! ብር በሐምሌ 2024 በገበያ ዋጋ እንዲመራ ከተለቀቀ ወዲህ ያው አንድ ጥቅል በብር ሲጻፍ እጥፍ ሊመስል ይችላል። ኪሎው ግን ያው ነው። ኪሎ፣ ኪሎ፣ ኪሎ።

ጥያቄ፦ የኤ ፎር ደስጣ ዋጋ ይቀንሳል?

መልስ፦ ይህን ነጋዴ ጠይቅ።

ጥያቄ፦ ኬንያ ላክሁ ያለችውና ኢትዮጵያ አስገባሁ ያለችው አይገጥምም።

መልስ፦ ይሄ ጥሩ ጥያቄ ነው። ላኪው ማጓጓዣና ኢንሹራንስ ሳይጨምር ይጽፋል፤ አስገቢው ጨምሮ ነው። በዚያ ላይ የኛ በጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው፤ የእነሱ የንግድ መረጃ በጃንዋሪ ይጀምራል። በወር የተከፋፈለውን አውርደህ ራስህ ደምር። የምትደምረውም ኪሎውን ነው።