«ባዶ መርፌ ቢደርሰኝስ?»

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ43 ዓመት ሴት ነኝ። ቅልጥሜ ላይ እንደ ብጉር የጀመረ ቁስል በአራት ወር ውስጥ መዳፌን አክሏል። ፓዮደርማ ጋንግሪኖሰም ነው ተባልኩ። አሁን አዲስ መድኃኒት የሚሞከርበት ጥናት ውስጥ ግቢ ይሉኛል፤ ግማሹ ሰው ግን የሚወጋው መድኃኒት የሌለበት ባዶ መርፌ ነው አሉ። ለቁስሉ የታዘዘልኝን ክኒን፣ ፕሬድኒሶሎንን፣ ፊቴን ስላሳበጠው ከሳምንት በፊት አቁሜዋለሁ። የሞተውን ሥጋ ማታ ማታ እየፋቅሁ በአልኮል አጸዳዋለሁ። መሞከሪያ ልሆን ነው?

መልስ፦ የጠየቁኝ ስለ ጥናቱ ነው። እንቅልፍ የነሳዎት ግን እግሬ ይቆረጣል የሚለው ፍርሃት ይመስለኛል። ስሙ ያስደነግጣል እንጂ ይህ ጋንግሪን አይደለም። ወደ ቤተሰብዎም አይተላለፍም። የራስዎ ነጭ የደም ሴሎች ናቸው ቆዳዎ ላይ የዘመቱት። ጠባሳ ይተዋል፣ ጊዜም ይፈጃል፤ ግን ብዙውን ጊዜ ይድናል።

መፋቁን ግን ምን አመጣው? ይህ ቁስል ሲነካኩት ይብስበታል። ጭረት፣ የመርፌ ጫፍ፣ ቀዶ ሕክምናም ሳይቀር ያሰፋዋል። ወይን ጠጅ የመሰለው ጠርዝ ከሥሩ ባዶ ነው፤ እዚያ ላይ በጥፍርም በምላጭም ሲገቡ በሽታውን አዲስ ቦታ እየከፈቱለት ነው። «ቁስል ካልተጠረገ አይድንም» የሚለው አባባል ለሌላው ቁስል ይሠራ ይሆናል፤ ለዚህ አይሠራም። አልኮሉንም ይተዉት። በሳላይን (በንጹሕ የጨው ውሃ) ቀስ አድርገው ያጥቡት፣ በማይጣበቅ ፋሻ ይሸፍኑት፣ በቃ። የማያውቅዎት ሐኪም «እንቁረጠው» ካለ መጀመሪያ የበሽታውን ስም ይንገሩት።

ፕሬድኒሶሎን ደግሞ በአንድ ቀን ተነስተው የሚያቆሙት ክኒን አይደለም። ለሳምንታት የወሰደ ሰው ቀስ በቀስ ነው የሚቀንሰው። ዛሬውኑ ለሐኪምዎ ይደውሉ። ማስታወክ ወይም ራስ መሳት ካለ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ወደ ጥናቱ ስመጣ እኔ ብገባ አይከፋኝም። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ጥናት ለዚሁ በሽታ ፕሬድኒሶሎንን ሳይክሎስፖሪን ከተባለ ሌላ መድኃኒት ጋር አወዳድሮ ነበር፤ በስድስት ወር የዳነው በሁለቱም በኩል ከግማሽ በታች ነው። አዲስ የሚፈለገው ለዚህ ነው። ባዶ መርፌውን በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ኢንፍሊክሲማብ የተባለ መድኃኒት ይኸው በሽታ ባለባቸው 30 ሰዎች ላይ ሲሞከር ባዶው የደረሳቸው ታማሚዎች ከሁለት ሳምንት በኋላ እውነተኛውን እንዲወስዱ ዕድል ተሰጥቷቸዋል። እርስዎም ከመፈረምዎ በፊት «ካልተሻለኝ ስንት ሳምንት ታቆዩኛላችሁ? ከዚያስ ምን ትሰጡኛላችሁ?» ብለው ይጠይቁ። ከገቡ በኋላም በፈለጉ ሰዓት መውጣት መብትዎ ነው። መፋቁንም፣ መድኃኒት ማቆምዎንም ለአጥኚዎቹ አይደብቁ። ሳል ካለብዎት እሱንም ይንገሯቸው፤ እንዲህ ያሉ አንዳንድ መድኃኒቶች ምልክት ሳያሳይ በሰውነት ውስጥ የተኛ ቲቢ ሊቀሰቅሱ ይችላሉ።