ሐውልት፣ ምስል፣ ታቦት፦ በአንድ የቬኒስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስላሉ ንዋያተ ቅድሳት አጠራር

ጥያቄ፦ የምኖረው በሰሜን ጣልያን ነው። ከአገር ቤትና ከሌሎች የአውሮፓ ከተሞች የሚመጡ ወገኖቼን በቬኒስ ከተማ ወደሚገኘው ሳንታ ማርያ ግሎሪዮዛ ዴይ ፍራሪ ወደተባለው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን እየወሰድኩ አስጎበኛለሁ፤ አሁን ደግሞ በአማርኛ አጭር መግለጫ እያዘጋጀሁላቸው ነው። ከእንጨትና ከእብነ በረድ የተቀረጹትን ቅዱሳን «ሐውልት» ስል አንዳንዶቹ ቅር ይላቸዋል፤ «ምስል» ስል ደግሞ ፎቶግራፍ ይመስላቸዋል። የትኛው ይሻላል? ቅዱስ ቁርባን የሚቀመጥበትንስ «ታቦት» ማለት ይቻላል? «ምስለ ፍቁር ወልዳ» የሚባለው የሥዕል ስምስ «የተወዳጅ ልጇ ምስል» ማለት ነው?

መልስ፦ «ሐውልት» በመሠረቱ የቆመ ድንጋይ ወይም ዐምድ ነው። ያዕቆብ ተንተርሶት ያደረውን ድንጋይ «ሐውልት አድርጎ» ማቆሙን፣ የሎጥም ሚስት «የጨው ሐውልት» መሆኗን በኦሪት ዘፍጥረት እናነባለን፤ የአክሱም ሐውልትም ስሙን ያገኘው የማንንም መልክ ስለያዘ ሳይሆን ስለቆመ ነው። በኋላ ዘመን ቃሉ ለመታሰቢያ የሚቆመውን ሁሉ ስላቀፈ፣ አዲስ አበባ ላይ በፈረስ የተቀመጡትን ንጉሥ «የምኒልክ ሐውልት» ስንል ማንም አይደናገርም። የአገራችን ካቶሊካውያንም «የእመቤታችን ሐውልት» ማለትን ለምደውታል፤ በሰበካቸው ውስጥ ሲነጋገሩበት ስሕተት ነው የምልበት ምክንያት የለኝም።

የፍራሪ ቤተ ክርስቲያን ግን ጉዳዩን የሚያወሳስብ የራሱ ሁኔታ አለው፤ በውስጡ ቃሉ በሙሉ ትርጉሙ የሚስማማቸው እውነተኛ ሐውልቶች ቆመዋልና። የቀራጺው የአንቶኒዮ ካኖቫ መታሰቢያ ከነጭ እብነ በረድ የተሠራ ፒራሚድ ነው፤ ካኖቫ ንድፉን ያወጣው ለሠዓሊው ለቲዚያኖ መቃብር አስቦ ነበር፤ እርሱ ራሱ በ1822 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሲሞት ግን ደቀ መዛሙርቱ በ1827 ለመምህራቸው ሠርተው አቆሙት፤ ልቡም በዚያው ይገኛል። የቲዚያኖ ሐውልት ደግሞ በትይዩው ግድግዳ በኩል ቆሟል። ከዋናው መሠዊያ በስተቀኝ ባለው ጸሎት ቤት የሚታየውና ዶናቴሎ በ1438 ከእንጨት የቀረጸው፣ በቀለምም ያማረው መጥምቁ ዮሐንስ ከእነዚህ ፈጽሞ የተለየ ነገር ነው፤ የተሠራው ለሟች መታሰቢያ ሳይሆን በፊቱ እንዲጸለይ ነው። ሁለቱንም በአንድ ቃል «ሐውልት» ካሏቸው፣ እንግዳው ዮሐንስም እዚያው የተቀበረ ሊመስለው ይችላል፤ ቅር የሚላቸው ሰዎችም፣ ምክንያታቸውን በቃል ባያስረዱም፣ ጆሯቸው የያዘው ይህንኑ ልዩነት ይመስለኛል።

«ምስል» የሚለው ቃል ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛውን እርስዎ ጠቅሰውታል፤ ዛሬ ቃሉን ፎቶግራፍና ቪዲዮ ወስደውታል። ሁለተኛው ከዚያ ይከብዳል፦ «የተቀረጸ ምስል» የሚለው ሐረግ በአማርኛ አንባቢ ጆሮ በቀጥታ የሚያስተጋባው የዐሥርቱን ትእዛዛት ክልከላ ነው፤ ስለዚህ በመግለጫ ላይ «የተቀረጸ የዮሐንስ ምስል» ብሎ መጻፍ ሳያስቡት ክስ እንደመመሥረት ይሆናል። እኔ የምመርጠው የቅዱሱን ስም አስቀድሞ፣ የተሠራበትን ነገር አስከትሎ፣ «የመጥምቁ ዮሐንስ የእንጨት ቅርጽ» ማለትን ነው። «ቅርጻ ቅርጽ» ግን ለጥበቡ በጠቅላላው እንጂ ለአንድ ሥራ አይሆንም፤ «አንድ ቅርጻ ቅርጽ» የሚለው አነጋገር በጋዜጣ ቢለመድም ደስ አይለኝም።

ወደ ታቦት ስንመጣ መልሴ አጭር ነው፤ አይሁን። ታቦት በእኛ ዘንድ በስመ ቅዱሱ የተቀረጸ፣ በጳጳስ የተባረከ፣ በመቅደስ ውስጥ በመንበሩ ላይ የሚኖር ጽላት ነው፤ ምእመናን ተሸፍኖ በካህናት ራስ ላይ ሲወጣ እንጂ ገልጠው አያዩትም። በላቲን ሥርዓት ቅዱስ ቁርባን የሚቀመጥበት ግን ቁልፍ ያለው ሣጥን ነው፤ በሚታይ ስፍራ ይቀመጣል፣ አጠገቡም የማይጠፋ መብራት ይበራል። አማርኛው ለዚህ ዕቃ የቆየ ስም ያጣው ነገሩ ስላልነበረው ነው፤ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ቁርባኑ በዕለቱ ይፈጸማል እንጂ ለማግሥት አይቀመጥም። የላቲኑ ስም «ድንኳን» ማለት ስለሆነ በግእዙ «ደብተራ» ልንለው ነው ብሎ የሚነሣ የቃል ወዳጅ እንደማይጠፋ አውቃለሁ፤ ዛሬ ግን «ደብተራው ከመሠዊያው በስተኋላ ተቆልፎበታል» ተብሎ ቢጻፍ፣ አንባቢው ለሣጥኑ ሳይሆን ለሰውዬው ማዘኑ አይቀርም። «የቅዱስ ቁርባን ማኅደር» ቢሉ ግን ነገሩም ክብሩም ይገለጣል፤ ማኅደር ማደሪያም ነው፣ መጽሐፍም የሚጠበቅበት አፎት ነው።

የሌሎቹ ነገር ይህን ያህል አያስቸግርም። ጽዋ ጽዋ ነው፤ ጻሕልም ጻሕል። ንዋያቱና አልባሳቱ የሚጠበቁበት ክፍል በእኛም ቤት «ዕቃ ቤት» ይባላልና ሌላ ስም አይፈልጉለት። በቤተ ክርስቲያኑ መካከል ያለውን፣ በ1468 የተጠናቀቁት 124 የእንጨት መቀመጫዎች የተደረደሩበትን ስፍራ «ቅኔ ማኅሌት» ቢሉት ቦታውን በሚገባ ይገልጠዋል፤ መቀመጫዎቹን ግን «የመነኮሳቱ የመዘምራን ወንበሮች» ይበሏቸው፤ የእኛዎቹ መዘምራን በመቋሚያ ተደግፈው ቆመው ያድራሉና። ቲዚያኖ ከ1516 እስከ 1518 የሣለውና ቁመቱ ወደ 7 ሜትር የሚጠጋው የዋናው መሠዊያ ሥዕልም «የእመቤታችን ዕርገት» ይባል። «ፍልሰታ» የሚለው ስም ከሁለት ሳምንቱ ጾም ጋር ስለተቆራኘ የአንባቢውን ሐሳብ ወደዚያ ይወስደዋል፤ በሥዕሉ ላይ የሚታየው ግን ሐዋርያት እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው እርስዋ በደመና ላይ ስትወጣ ነው።

የመጨረሻው ጥያቄዎ ብዙ የተማሩ ሰዎችንም የሚያሳስት ነው። «ምስለ ፍቁር ወልዳ» ውስጥ ያለው «ምስለ» ሥዕልን የሚያመለክተው ስም ሳይሆን «ከ… ጋር» የሚል የግእዝ መስተዋድድ ነው። በየዕለቱ ከምንደግመው የገብርኤል ሰላምታ «እግዚአብሔር ምስሌኪ» የሚለውን ያስታውሱ፤ «እግዚአብሔር ከአንቺ ጋር ነው» ማለት እንጂ ስለ ሥዕል የሚናገረው የለም። ሙሉው አጠራር «እግዝእትነ ማርያም ምስለ ፍቁር ወልዳ» ነው፤ ትርጉሙም «እመቤታችን ማርያም ከተወዳጅ ልጇ ጋር» ይሆናል። ፊተኛው ክፍል ሲቆረጥ «ምስለ» ብቻውን ከፊት ስለሚቀር «ምስል» መስሎ ይነበባል።

ይህ ስም ለቬኒስ ሥዕል ባዕድ አይደለም። በ15ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ፣ ሠዓሊው ቤሊኒ በፍራሪ ዕቃ ቤት ያለውን ሥዕል በ1488 በፈጸመበት ዘመን ገደማ፣ ኒኮሎ ብራንካሌዎን የተባለ የቬኒስ ሰው በኢትዮጵያ መርቆሬዎስ እየተባለ ለነገሥታቱ ይሥል ነበር፤ ከዚያም በኋላ በሮም በሳንታ ማርያ ማጆሬ ያለችው የእመቤታችን ሥዕል ቅጂ ኢየሱሳውያን በተባሉት የካቶሊክ ሚሲዮናውያን በኩል ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ ለሠዓሊዎቻችን ዐቢይ አርአያ ሆኗል። ስለዚህ ለቤሊኒው ባለ ሦስት ክፍል ሥዕል «እመቤታችን ምስለ ፍቁር ወልዳ» ብለው ይጻፉ፤ በግራና በቀኝ የቆሙት ኒቆላዎስ፣ ጴጥሮስ፣ ማርቆስና ቤኔዲክቶስ ናቸው፤ ስማቸውን ከሥሩ በአንድ መስመር ቢጨምሩት ይበቃል።